የስፌት መኪና የአበባ ማስቀመጫ አይደለም

ዴንቨርና አውሮራ ባለን ሐበሾች ዘንድ አንድ ልማድ ገብቷል፤ ከእንግዲህ አይቼ እንዳላየሁ አላልፍም። አሮጌ የእግር ስፌት መኪና ይገዛል። የመኪናው ራስ ይፈታና ይጣላል። «ሲንጀር» የሚል ጽሑፍ ያለበት የብረት እግሩ ላይ መስታወት ይጫንና የቡና ጠረጴዛ ይሆናል። ራሱ ከተረፈም መደርደሪያ ላይ ከጀበናው ጎን ይቀመጣል፤ መዘውሩ ላይ የፕላስቲክ አበባ ይጠመጠምበታል። እንግዳ ይመጣል፤ «ውይ፣ የእናቴን አስታወሰኝ!» ይላል፤ ፎቶ ያነሳል፤ ይሄዳል። መኪናው መርፌ የለውም፣ ክር የለውም፣ ዘይት ካየም ዘመን አልፎታል።

ይህን ሳይ ደሜ ይፈላል። የሞተ ዕቃ ቢሆን አንድ ቃል አልተነፍስም ነበር። ግን አልሞተም፤ ዛሬ ማታ ዘይት ቢጠጣ በሳምንቱ ሱሪ ይሰፋል። ጋራዤ ውስጥ ፈትቼ ያየኋቸው አብዛኞቹ «ተበላሽቷል» ተብለው የተጣሉ ነበሩ። ያቆማቸው ብልሽት ሳይሆን ሥራ ማጣት ነው። ዘይት ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ይወፍርና እንደ ሙጫ ይይዛል፤ መዘውሩ አልዞር ይላል፤ ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ይገፋውና «አበቃለት» ብሎ ይፈርድበታል። ደግሞ ለዚህ ሥራ እንደ ዴንቨር የተመቸ ከተማ የለም። 1,609 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ደረቅ አገር ነው፤ ቤዝመንት ውስጥ ዘመኑን የኖረ ብረት ዝገት ብዙም አያገኘውም። ደረቁ አየር የሚጎዳው ቆዳውንና እንጨቱን ነው፤ የቆዳው ቺንጋ ይሰነጠቃል፣ የሣጥኑ ልባጥ ይላጣል። ቺንጋ በጥቂት ዶላር ይገዛል፤ ልባጥም በኮላ ይለጠፋል። ብረቱ ግን እንዳለ ነው።

እስኪ የሚደረገውን ልንገራችሁ፤ ማንም አዋቂ ጤነኛ እጅ ያለው ሰው ሊያደርገው ይችላል። የመኪናውን ራስ በማጠፊያው ወደ ኋላ ታጋድሙታላችሁ። ከሆዱ በኩል ብረት ከብረት የሚፋተግበት ቦታ ሁሉ አንድ አንድ ጠብታ ነጭ ጋዝ፤ ከላይ ባሉት የዘይት ቀዳዳዎችም እንዲሁ። እሳትና ሲጋራ ከአጠገቡ ይራቅ፤ በርና መስኮትም ይከፈት። ከዚያ ትተውት ትተኛላችሁ። በማግስቱ መዘውሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በትንሽ በትንሹ መነቅነቅ ነው። መዶሻ የለም፣ ፒንሳ የለም፣ ጉልበትም የለም። መጀመሪያ የማይታይ ያህል ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ የጣት ስፋት፤ ከዚያ ሩብ ዙር፤ በመጨረሻ ድንገት እጅ ላይ ይለቃል። ያኔ ነጭ ጋዙን በጨርቅ አድርቆ ንጹሕ የስፌት መኪና ዘይት መስጠት ነው። የምግብ ዘይት የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። ያ ዘይት ራሱ ተመልሶ የሚይዝ ነውና እባካችሁ አታድርጉት።

ቀጥሎ የመርፌውን ሳህን የያዙትን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትቶ ማንሳት። ከጥርሶቹ ሥር የሚወጣውን ጉድ ማየት አለባችሁ፤ የማን ሱሪ እንደነበረ የማይታወቅ ሰማያዊ ክር፣ የማን ሰርግ እንደነበረ የማይታወቅ ነጭ ብናኝ፣ ተጠቅጥቆ ተጠቅጥቆ በመርፌ ካልተፈለቀቀ የማይወጣ። «ጨርቅ አይስብም» ከሚባሉት መኪኖች ብዙዎቹ ጥርሳቸው የታፈነው በዚህ ነው። መዘውሩ መሐል ያለውን ትልቅ ብሎን ስትፈቱ ደግሞ ከሥሩ ጆሮ ጆሮ ያላት ቀጭን ሮንዴላ ትወጣለች። ስትመልሷት ከተገለበጠች ብሎኑን ብታላሉትም መዘውሩ ከመርፌው አይላቀቅም፤ ቦቢን ስትሞሉ መርፌው አብሮ ይዘላል። ይህን አይቶ «ይኸው ተሰብሯል» ብሎ መኪና የጣለ ሰው አውቃለሁ። ሮንዴላዋን ገልብጦ መመለስ ብቻ ነበር የቀረው።

ጥቁሩን ገላ በአልኮል አትንኩት። ስፊንክሱና አበባው የተሣለበት የወርቅ ቀለም በላዩ ያለው ሽፋን ሼላክ ነው፤ አልኮል ያሟሟዋል፤ መቶ ዓመት የቆየ ሥዕል በአንድ ጨርቅ ይሄዳል። ዘይት በነካ ጥጥ ቀስ አድርጎ መጥረግ ይበቃል። ሞተር ያለው ከሆነ ገመዱን ሳያዩ ሶኬት ውስጥ መሰካት የለም፤ የድሮ ጎማ ይፈረፈራል፣ ሽቦው ራቁቱን ይቀራል፣ ሰው ይገድላል። ገመድ መቀየር የሚችል ሰው ይቀይረው፤ የማይችል ለሚችል ይስጠው።

ሲንጀሩ ላይ ያለውን መለያ ቁጥር አንብባችሁ ታውቃላችሁ? «ዋይ» በሚለው የላቲን ፊደል ከጀመረ ስኮትላንድ ክላይድባንክ የተሠራ ነው፤ «ጂ» ከሆነ ኒው ጀርሲ፣ ኤልዛቤት። የክላይድባንኩ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ተዘጋ፤ የኤልዛቤቱ በ1982። ፋብሪካዎቹ ከጠፉ ከአርባ ዓመት በላይ ሆነ፤ መኪኖቹ ዛሬም ይሰፋሉ። ነቅላችሁ የምትጥሉትን የእንጨት ሣጥን የሚወለውሉ ሴቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1911 ክላይድባንክ ውስጥ ሥራው ሲበዛባቸው 12 ወልዋይ ሴቶች ሥራ አቆሙ፤ በቀናት ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ ሠራተኛ ተከተላቸው። ያ ሥራ ማቆም ተሸነፈ፤ ብዙዎችም ከእንጀራቸው ተባረሩ። የእነዚያ ሴቶች ጉልበት ያረፈበትን እንጨት ነው ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው ጎን በዝናብ የምታስመቱት።

«ለትዝታ ነው» የሚሉኝ አሉ። ትዝታ አልፈልግም። መኪናው ለትዝታ አልተሠራም፤ ለስፌት ነው። «አዲስ መኪና ርካሽ ነው» የሚሉም አሉ። ርካሽ ነው፤ እውነት ነው። ውስጡን ከፍታችሁ እዩት። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በብረት ጥርስ ፈንታ ናይሎንና ፕላስቲክ እየገባ ሄደ፤ ናይሎን ደግሞ በጊዜ ብዛት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። የርካሹ መኪና ጥርስ ሲሰነጠቅ የጥገናው ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል፤ መጣል ግድ ይሆናል፤ ሌላ ይገዛል። ለሚለጠጥ ጨርቅ፣ ለቲሸርት፣ ዚግዛግ ለሚፈልግ ሥራ አዲስ መኪና የሚገዛን ሰው አልነቅፍም፤ የጥንቱ ሲንጀር ቀጥታ ከመስፋት ሌላ አያውቅም። ደግሞ እንደ አንዳንድ ሻጭ «ቆዳ ቀኑን ሙሉ ይሰፋል» እያልኩ አልዋሽም፤ የቤት መኪና የቤት መኪና ነው። ግን የጂንስ ጠርዝ፣ የአልጋ ልብስ፣ መጋረጃ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ የሐበሻ ቀሚስ? ከእነዚህ ሌላ በቤታችን ምን እንሰፋለን?

የሐበሻ ቀሚስ ካልኩ ልቀጥል፤ እዚህ ላይ ነው የሚያንገበግበኝ። የእኛ ሸማ ስስ ነው፤ ድርና ማጉ የላላ ነው። የዘመኑ ዚግዛግ መኪና መርፌው ግራ ቀኝ እንዲሄድ ሳህኑ ላይ ያለው ቀዳዳ ሰፊ ነው፤ ስስ ጨርቅ ሲያገኝ ጠርዙን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል፣ ያኝከዋል። ቀጥታ ብቻ የሚሰፋው የጥንቱ መኪና ቀዳዳ ለመርፌዋ ብቻ የምትበቃ ክብ ናት፤ ጨርቁ የሚገባበት የለም። 70 ቁጥር መርፌ፣ ቀጭን የጥጥ ክር፣ አጠር ያለ ስፌት፤ ነጠላ እንኳ ሳይኮማተር ይሰፋል። ለእኛ ልብስ ከዚህ የተሻለ መኪና በቤት ዋጋ አይገኝም። እኛ ግን ከሽሮ ሜዳ ቀሚስ እናስመጣለን፤ ይረዝማል፤ ሸማ ነክቶ ለማያውቅ ሰው እንሰጣለን። የባለቤቴን ቀሚስ አንድ የልብስ ማስተካከያ ቤት ከታች ቆርጦ መለሰላት። ከታች! ሸማኔው ለሳምንታት እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ የሠራው ጥለት ቆሻሻ ቅርጫት ገባ። ጥለት ያለው ቀሚስ የሚያጥረው ከወገቡ ተፈትቶ፣ ከላይ ተቀንሶ፣ እንደገና ተሸብሽቦ መሆኑን ማንም የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊ ዓይኑን ጨፍኖ ያውቃል። ሰውየውን አልወቅስም፤ ማን ነገረው? የሚያውቁት ሰዎች አውሮራ ውስጥ ቤታቸው ቁጭ ብለዋል፤ የሚሰፉበት መኪና ደግሞ ሳሎን ውስጥ አበባ ተሸክሟል።

ለምን እንዲህ ሆነ? የመርሳት ጉዳይ ነው ብዬ አላምንም። የንቀት ጉዳይ ነው። አባቴ ደሴ ፒያሳ ላይ በረንዳ ተከራይቶ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነበር። ሰልባጅ ሱሪ ያጠብብ ነበር፤ ለመስከረም ዩኒፎርም ይሰፋ ነበር፤ የሙት ዓመት ልብስ ሌሊት በኩራዝ ጨርሶ ያስረክብ ነበር። ከሰፈሩ ሰው ገላ ላይ የእሱ እጅ ያላረፈበት ጨርቅ አልነበረም። እንዲህም ሆኖ «የሰፊው ልጅ» ሲሉኝ ድምፃቸው ውስጥ ያለው ነገር ምስጋና እንዳልነበር ገና በልጅነቴ ገብቶኛል። እሱም ራሱ መኪናውን እንድነካ አልወደደም፤ «አንተ ተማር» ይለኝ ነበር፤ የእሱን ሙያ ከትምህርት ቆጥሮት አያውቅም። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋን ስንሰድብ የኖርን ሕዝብ ነን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ነገሩ አገር የሚጎዳ መሆኑ ገብቷቸው ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው፤ ስድቡ ከእኛ ጋር አውሮፕላን ተሳፍሮ አውሮራ፣ ሐቫና ጎዳና ደርሷል። ልጁ ኮምፒውተር ለሚማር አባት «ቅዳሜ ልብስ መስፋት ይማር» ብትለው ይቀየምሃል። ኤርፖርት ሁለት ሺፍት የሚሠራ ሰው ቁልፍ የተበጠሰበትን ሸሚዝ ጥሎ ሌላ ይገዛል። የሠራተኛውን እጅ የናቀ ሰው የሠራተኛውን መሣሪያ ጌጥ ሲያደርግ አይገርምም፤ እኔን የሚያሳዝነኝ ይህን ማድነቅ ነው ብሎ ማሰቡ ነው።

ጎረቤቶቻችንን እንይ። ጎልደን ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ ብቻ የሚያሳይ ሙዚየም አለ፤ አሜሪካውያን ሴቶች ሌሊት ተቀምጠው የሰፉት ብርድ ልብስ በክብር ተሰቅሎ ይጎበኛል። ብርድ ልብሱን የሚሰፉት ሴቶች ግን መኪናቸውን አልሰቀሉትም። እ.ኤ.አ. በ1933 የወጣችውን፣ 5 ኪሎ ያህል ብቻ የምትመዝነውን ትንሿን ሲንጀር 221 በሣጥኗ ይዘው ወደ ስፌት ማኅበራቸው ይሄዳሉ፤ ይሰፉባታል፤ ለልጅ ልጃቸው ያወርሷታል። እዚሁ ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቦልደር ላይ የተጀመረው ፍሮስትላይን የተባለ ድርጅት የተቆረጠ ጨርቅና የላባ ሙሌት በጥቅል እየሸጠ ስንቱን ቤተሰብ የተራራ ካፖርቱን በገዛ መኪናው እንዲሰፋ አድርጓል። ሮኪ ተራሮች ላይ በረዶ የተቋቋመ ካፖርት ከምግብ ጠረጴዛ አጠገብ በተራ የቤት መኪና የተሰፋ ነበር። ይህ ሕዝብ ሀብታም ነው፤ መስፋት ግን አላሳፈረውም።

የምንኖርበት ክፍለ አገር ስለ ጥገና ሕግ ያወጣ ነው። ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ2022 በሞተር ለሚሄድ የአካል ጉዳተኛ ወንበር፣ በ2023 ለእርሻ መሣሪያ፣ በ2024 ደግሞ ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የመጠገን መብት ሰጥቷል፤ የመጨረሻው ሕግ የጸናው ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ነው። ገበሬው የትራክተሩን መለዋወጫና መመሪያ እንዲያገኝ ሕግ አውጪዎች መከራከር ነበረባቸው። ለጥንቱ ሲንጀር ግን ሕግም አያስፈልግም። የሚፈታው በካቻቢቴ ነው፤ መመሪያው በነጻ ይገኛል፤ የሞዴል 15 ቦቢንና መርፌ ዛሬም ይሸጣል። መብቱ ተሰጥቶን የሚጠግን እጅ ካላሳደግን ሕጉ ለማን ወጣ? ጆአን የተባለው ትልቅ የጨርቅ መደብር እ.ኤ.አ. በ2025 ሱቆቹን ሁሉ ሲዘጋ ብዙዎቻችን ልብ አላልነውም። እኔ አዝኛለሁ። ክር በእጅ ነክቶ፣ ጨርቅ ዳሶ የሚገዛበት ቦታ አንድ ሲጎድል፣ መስፋት የሚጀምር ልጅም አንድ ይጎድላል።

አገር ቤት መኪና ልላክ ለሚሉ አንድ ነገር፤ ልባቸው ደግ ነውና ደግነታቸው እንዳይቃጠል። እዚህ ያለው ሞተር በ110 ቮልት የሚሠራ ነው፤ አዲስ አበባ 220 ነው። ሳይታወቅ የተሰካ ሞተር በደቂቃ ይጨሳል። ሞተሩን ፈትታችሁ አስቀሩት። ለእጅ መዘውር የሚሆን ቦታ ያለው ራስ ከሆነ ቀዳዳ ያለውን መዘውርና የእጅ ማዞሪያውን ግጠሙበት፤ ወይም ቺንጋ ተቀብሎ በእግር እንዲረገጥ አድርጋችሁ ላኩት። መብራት ሲጠፋም አይቆምም። ከመላካችሁ በፊት በሸማ፣ በጂንስና በሸራ ስፉበት፤ ያልሰፋችሁበትን ለሰው አትላኩ። መርፌና ቦቢን በብዛት ጨምሩ። የተላከላት ሴት መኪናውን በዕቃ መጫኛ አምጥታ መርፌ ፍለጋ መርካቶ ስትዞር እንድትውል ማድረግ እርዳታ አይደለም።

አሁን የምፈልገውን በግልጽ ልናገር። አውሮራ ውስጥ ልጆቻቸው ያስመጧቸው እናቶች አሉ። የልጅ ልጅ ይጠብቃሉ፤ በረዶ ሲዘንብ በመስኮት ያያሉ፤ ቋንቋው አልያዝ ብሏቸዋል። ብዙዎቹ አገር ቤት ሳሉ መኪና የነበራቸው፣ የሰፈሩን ዩኒፎርም የሰፉ፣ ጥለት እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ሽብሽብ እንዴት እንደሚቆጠር የሚያውቁ ናቸው። እዚህ ማንም አልጠየቃቸውም። የየማኅበሩና የየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አንድ ጥግ ይልቀቅ፤ የተጠገኑ መኪኖች፣ ጥሩ መብራት፣ ካውያ፣ መቀስ፣ ጠመኔ ይግባበት። በየሳሎኑ የተቀመጡትን መኪኖች አምጡ፤ እኔና እንደ እኔ ዘይት የለመዱ ሰዎች እንጠግናቸዋለን፤ ለዚህ አንድ ሳንቲም አንጠይቅም። ሴትም ወንድም ልጅ ይማር፤ ቁልፍ ከመትከል ይጀምር፣ የራሱን ሱሪ ያሳጥር፣ ከዚያ ጥለት ያለው ቀሚስ ከወገቡ ይፍታ።

እማማን ግን «ለጽድቅ ነው» እያልን በነጻ እንዳናሠራቸው። የመንጃ ፈቃድ አሠልጣኝ በሰዓት ይከፈለዋል፤ የሒሳብ አስጠኚ ይከፈለዋል፤ ለእንቁጣጣሽ ድምፅ ማጉያ የሚያከራየን ሰው ሳይከፈለው ገመዱን አይሰካም። ልብስ መስፋት የሚያስተምሩ እናትም በሰዓት ይከፈላቸው፤ ከአስጠኚው ያላነሰ። ገንዘብ የለንም የሚለኝ ኮሚቴ ካለ በየዓመቱ ለአዳራሽ ማስጌጫ ከሚያወጣው ይጀምር።